ሰርግ በአንድ ላፕቶፕ፦ ከካሜራው ካርድ እስከ ደንበኛው ቴሌቪዥን

ሀዋሳ ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት ከሚያደርጉ ልጆች ጋር ስገናኝ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ላፕቶፔ ስታክ ያደርጋል፤ የትኛውን ልግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ፉቴጁ (የተቀረጸው ጥሬ ቪዲዮ) የት ነው ያለው? «ኤክስተርናሉ ላይ።» የቆየ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ቀለል ያለ የክሊፕ ቅጂ) ሠርታችኋል? አልሠሩም። ላፕቶፑስ የት ተቀምጦ ነው የሚሠራው? አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ። በዚህ አያያዝ እጥፍ ዋጋ ያለው ማሽን ቢመጣም ከወር በኋላ ያው ጥያቄ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚስተካከለው አሠራራችን ነው።

ይህን የምጽፈው በአንድ ላፕቶፕ ሙሉ ሰርግ ሠርቶ ለሚያስረክብ ሰው ነው። ሰርግን የመረጥኩት ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምናገኘው ከእሱ ስለሆነ ነው። ከጥምቀት በኋላ፣ ቀጥሎም ከፋሲካ በኋላ ሥራው ይደራረባል። በሁለት ካሜራ የተቀረጸ ሰርግን ያለጭንቅ የሚሠራ ሰው ማስታወቂያም፣ ዶክመንተሪም፣ ክሊፕም አይከብደውም።

ላፕቶፕ ስትገዙ

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ መጀመሪያ የሚላችሁ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ነው። ይህ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ጠይቁ። ቀጥሎ የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል እዩ። በ«ዩ» የሚያልቀው ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ ነው፤ መደበኛ አቅሙ 15 ዋት አካባቢ ነው። በ«ኤች» የሚያልቀው ወደ 45 ዋት ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሬንደር የሚያደርግ (የተቆረጠውን ወደ ያለቀ ቪዲዮ የሚለውጥ) ማሽን ከፈለጋችሁ ሁለተኛውን ምረጡ።

ትውልዱን ጠይቁ ያልኩት በምክንያት ነው። የዛሬ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ ኤች.265 በሚባለው ኮዴክ ይቀርጻሉ። ይህ ኮዴክ ምስሉን በጣም ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው። ላፕቶፑ ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮውን ከሚሠሩት ምስሎች አንዱን) ለማሳየት የተጨመቀውን መፍታት አለበት። ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለ ይቀልለታል። ከሌለ ፋኑ ይጮኻል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ካሜራችሁ 10 ቢት 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ አቀራረጽ) በኤች.265 የሚቀርጽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4፣ ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ፈልጉ። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ይህን ዓይነት ፋይል መፍታት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 በወጡት አርቲኤክስ 50 ካርዶች ነው። ውድ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ገዝቶ «ለምን ይቆራረጥብኛል?» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ተጫኑ። ሜሞሪ ላይ ስትገቡ ከታች ስንት የራም ቦታ እንደተያዘ ይጽፋል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተያዘ ጥሩ ዜና ነው፤ ነገ ሌላ ራም መጨመር ትችላላችሁ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን የሚሽከረከር እዚያው ይታያል። ለኤችዲ ሥራ 16 ጊጋባይት ራም ይበቃል። ለ4ኬ 32 ቢሆን እመርጣለሁ። ማክቡክ ከሆነ ግን የኤም ተከታታይ ማሽኖች ራም በኋላ አይጨመርም፤ የገዛችሁት ቀን ያለው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ስለዚህ 8 ጊጋባይቱን በርካሽ ስላገኛችሁት ብቻ አትቸኩሉ።

ስክሪኑም ይታይ። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ «45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ» የሚባል ስክሪን አለ። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ነው። በእሱ ስትሠሩ ቀለም ያነሰ ስለሚመስላችሁ ትጨምራላችሁ፤ ደንበኛው ቴሌቪዥን ላይ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ይወጣል። ኤስአርጂቢን (የተለመደውን የስክሪን የቀለም ክልል) 100 ፐርሰንት የሚሸፍን ስክሪን ፈልጉ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሱቅ ስትሄዱ ከራሳችሁ ካሜራ የወጣ የሁለት ደቂቃ ክሊፕ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ማሽኑ ላይ አጫውቱት። ወደ ፊት ወደ ኋላ ጎትቱት። ከማንኛውም ሻጭ ንግግር በላይ ይህ ይነግራችኋል።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልቆይም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነፃ ስሪት አለው። ነፃው እስከ 3840 በ2160 እና በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል፤ ለሰርግ ከበቂ በላይ ነው። ኖይዝ (ጨለማ ምስል ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ) ማጥፊያው የሚገኘው በሚከፈልበት ብቻ ነው። አንዳንድ 10 ቢት ፋይሎችንም ነፃው ላይከፍትላችሁ ይችላል፤ በራሳችሁ ክሊፕ ሞክሩት። ሌላውን የኤዲቲንግ ፕሮግራም ፕሪሚየርን ግን ክራክ ተደርጎ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ተሰብሮ) ከሆነ በደንበኛ ሥራ ላይ አትጫኑ። ከክራኩ ጋር ቫይረስ ይገባል፣ ቫይረሱ ደግሞ የሰው ሰርግ ይዞ ይሄዳል።

መብራትና ሙቀት

ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም ሥራው አይቋረጥም እንላለን። ግማሽ እውነት ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ብዙ ላፕቶፖች የፕሮሰሰሩንና የግራፊክሱን አቅም ይቀንሳሉ። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣት) ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው ደግሞ ሁለት ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ በባትሪ ቁረጡ፣ በመብራት ኤክስፖርት አድርጉ።

ዋናው አደጋ ኤክስተርናሉ ላይ ነው። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ የራሱ የመብራት ገመድ አለው። መብራት በጠፋ ቅጽበት ላፕቶፑ ይቀጥላል፣ ዲስኩ ግን ይሞታል፤ በዚያች ሰከንድ እየተጻፈ ያለው ፋይልም አብሮት። ለሥራ የሚሆናችሁ ኃይሉን ከላፕቶፑ የሚወስደው ትንሹ ዲስክ ነው፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ የተሻለ።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ሲመለስ ከፍ ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ዲቫይደር መብራት ያከፋፍላል እንጂ ከዚህ አያድንም። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከቻላችሁ ግዙ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ከሰዓት በኋላ የሀዋሳ ቤት ውስጥ ያለውን ወበቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። «መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ቆይቶ ይንቀራፈፋል» የምትሉት ይህ ነው። ላፕቶፑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። የኋላውን ጫፍ በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርጉት፤ አየር የሚገባው ከሥር ነው። በዓመት አንዴ ክፈቱትና አቧራውን አስጠርጉ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባውን የደረቀ የሙቀት ፔስትም በዚያው አስቀይሩ። ረጅም ኤክስፖርት ሌሊት ላይ ብታደርጉት ቀዝቀዝ ይላል።

ካርዱን ከማጥፋታችሁ በፊት

እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ኤዲቲንግ ስጀምር አንድ ሰርግ ቀረጽኩ። ማታ ቤት ገብቼ ካርዱን ወደ ኤክስተርናል ገለበጥኩ። በማግስቱ መልስ ስለነበረ ካርዱን ፎርማት አድርጌ ይዤ ወጣሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ኤክስተርናሉ ከጠረጴዛ ወደቀ። ቀጭን የብረት ድምፅ ያሰማል እንጂ አይከፍትም። የሙሽሪት አያት የመረቁበት ምስል እሱ ውስጥ ነበር። ወደ ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው እናቷ ምንም አላሉኝም። ቡና አቅርበው ዝም አሉ። አያቷ ያን ዓመት አረፉ። ያን ምርቃት ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ከዚያ ወዲህ የማልለውጠው ሕግ አለኝ። ካርድ ፎርማት የሚደረገው ፋይሉ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ መኖሩ በዓይን ከታየ በኋላ ነው። አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ፎልደር ማድረግ ሁለት ቅጂ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀረጻው ባለቀበት ማታ፣ ሳትተኙ፣ ካርዱን በካርድ አንባቢ ስኩት። ዩኤስቢ 3 ቦታ ላይ መሆኑን እዩ፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የቀዳዳው ውስጥ ሰማያዊ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። 64 ጊጋባይት ካርድ በሰከንድ 90 ሜጋባይት ከተገለበጠ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። በድሮው ዩኤስቢ 2 ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ከካርዱ ራሱ ወደ ኤክስተርናሉ ገልብጡ። የካርዱን ሙሉ ፎልደር እንዳለ ውሰዱ፤ ቪዲዮዎቹን ብቻ ለቅማችሁ አትውሰዱ። ከዚያ ሦስቱም ጋ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የፋይል ብዛቱንና መጠኑን አስተያዩ። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ከየካሜራው አንድ ረጅም ክሊፕ ከፍታችሁ መጨረሻውን ተመልከቱ። መጨረሻው የሚታይ ከሆነ ተኙ።

ሁለተኛው ዲስክ ደግሞ ላፕቶፑ ባለበት ቦርሳ ውስጥ አይኑር። ቦርሳው ባጃጅ ውስጥ ቢረሳ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

የፎልደር ስም ላይ አንድ ምክር አለኝ። ቀኑን ከፊት አድርጉ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ፎልደሩንም በዚያው አድርጉት፤ አንዱን በእኛ አንዱን በእነሱ ከጻፋችሁ ከዓመት በኋላ ፍለጋው ያደክማል። ከቀረጻ በፊት የሁለቱንም ካሜራ ሰዓት እኩል አድርጉ። አንዱ ካሜራ 2:00 ሌላው 8:00 እያለ የተቀረጸ ሰርግ በሰዓት ቅደም ተከተል አይደረደርም።

ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ

ሚዲያ ከማስገባታችሁ በፊት የፍሬም ፍጥነቱን ወስኑ። ዳቪንቺ ላይ ክሊፕ ካስገባችሁ በኋላ የፕሮጀክቱን ፍጥነት መቀየር አይቻልም። እኔ የምመርጠው 25 ነው። ምክንያቱ የቤታችን መብራት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል። በ25 ፍሬም፣ በ1/50 ወይም በ1/100 ሰከንድ ሸተር (ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ስትቀርጹ ከመብራቱ ጋር ትሄዳላችሁ። 30 ፍሬም በ1/60 ከሆነ አዳራሹ ውስጥ ጥቁር መስመር ምስሉ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ኤዲቲንግ ላይ ይህን ማጥፋት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቀራጩን አስቀድማችሁ ንገሩት።

እንግዶች በስልክ የቀረጹትን ሲልኩላችሁ ተጠንቀቁ። ስልክ የፍሬም ፍጥነቱን እንደ ብርሃኑ ይቀያይራል። ታይምላይን (ክሊፖቹ በቅደም ተከተል የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ሲገባ መጀመሪያ ድምፁና ከንፈሩ ይገጥማሉ፤ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ይለያያሉ። ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በእሱ «ኮንስታንት ፍሬም ሬት» መርጣችሁ ወደ 25 ቀይሩት፣ ከዚያ አስገቡ።

ፕሮክሲ

አሁን የላፕቶፕ ኤዲቲንግ ልቡ ጋ ደረስን። ፕሮክሲ ማለት የእያንዳንዱ ክሊፕ ቀለል ያለ ቅጂ ነው። የምትቆርጡት በቅጂው ነው። ኤክስፖርት ስታደርጉ ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ይመለሳል። ጥራት አይቀንስም።

ቁጥሩን እንየው። ብዙ ካሜራዎች 4ኬን በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይቀርጻሉ። በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ቢቀርጽ 360 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን ሁሉ እየፈታ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን የሚያጫውት ላፕቶፕ ርካሽ አይደለም። ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ በሚባለው ቀላል ኮዴክ ወደ 1080 ዝቅ ስታደርጉት ግን በሰዓት 16 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ለስምንቱም ሰዓት 130 ጊጋባይት አካባቢ ማለት ነው። መጠኑ ከቀነሰው በላይ ደግሞ ለመፍታት በጣም ቀላል ነው። ኤች.265 ላይ አንድ ፍሬም ለማሳየት ፕሮሰሰሩ ጎረቤት ፍሬሞችንም ማንበብ አለበት። በዚህ ኮዴክ ግን እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ ነው። ወደ ኋላ ስትጎትቱ እንኳን አይያዝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዳቪንቺ ሴቲንግ ውስጥ የፕሮክሲውን ኮዴክና መጠን ምረጡ፤ ግማሽ ወይም ሩብ። ፕሮክሲው የሚቀመጥበትን ቦታ የላፕቶፑ ኤስኤስዲ ላይ አድርጉ። ክሊፖቹን በሙሉ ምረጡና ራይት ክሊክ፣ «ጀነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ»። ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምሩትና ተኙ። ጠዋት ስትነሱ ያ «ደካማ» ላፕቶፕ ሌላ ማሽን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየሁት ልጅ ታይምላይኑን ወዲያ ወዲህ እየጎተተ «ይሄ የኔው ነው?» አለኝ።

ዋናው ፉቴጅ ኤክስተርናል ላይ ቢቀመጥ ችግር የለውም። ፕሮክሲውና ካሹ (ፕሮግራሙ ለራሱ የሚያስቀምጣቸው ጊዜያዊ ፋይሎች) ግን የግድ ኤስኤስዲ ላይ ይሁኑ። እዚያም ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ባዶ ቦታ ተዉ።

መቁረጥ

ሁለቱን ካሜራና የድምፅ መቅጃውን ፕሮግራሙ በድምፃቸው ያገናኛቸዋል፤ በእጅ አትድከሙ። ከዚያ ሰርጉን በአንድ ረጅም ታይምላይን አትሥሩ። ሙሽሪት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ኒካህ፣ ሐይቅ ዳር፣ አዳራሽ፣ መልስ፤ እያንዳንዱ የራሱ ታይምላይን ይኑረው። ላፕቶፑም ይቀልለዋል፣ እናንተም አትጠፉበትም። ለኤክስፖርት ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታች እነግራችኋለሁ።

ሙዚቃ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ደንበኛው ዩቲዩብ ላይ እለቅቀዋለሁ ካለ የታወቀ ዘፈን አትጠቀሙ፤ የመብት ጥያቄ ይመጣበታል።

ድምፅ

ሰው ደብዛዛ ምስል ይታገሳል። የማይሰማ ምርቃት ግን አይታገስም።

ሐይቅ ዳር የተቀረጸ ድምፅ ነፋስ አለበት። የነፋሱ ጉምጉምታ አብዛኛው ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ሃይ ፓስ ፊልተር (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ) 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ፤ የሰው ንግግር ሳይጎዳ ነፋሱ ይቀላል። አዳራሽ ውስጥ ከስፒከሩ የሚመጣው «ዝዝዝ» ደግሞ የመብራቱ 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ናቸው። 100 እና 150 ላይ በቀጭኑ ቀንሱ።

የእኛ ሰርግ ላይ የሚከብደው ሌላ ነው። ሽማግሌው በዝግታ ይመርቃሉ። «ውለዱ፣ ክበዱ» ይላሉ፤ ሜትሩ -24 አካባቢ ነው። ወዲያው «አሜን!» እና እልልታው ይፈነዳል፤ ሜትሩ ቀዩን ይነካል። ብዙዎች ሙሉ ክሊፑ ላይ ኮምፕሬሰር (ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርብ) ይጭናሉ። ያን ጊዜ እልልታው ይታፈናል፣ በምርቃቱ መካከል ደግሞ የአዳራሹ ጫጫታ ተነስቶ ይመጣል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። እልልታው በጀመረበትና ባበቃበት ክሊፑን እቆርጣለሁ። እልልታውን 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ፣ ምርቃቱን ከፍ አደርጋለሁ። መገናኛቸው ላይ አጭር ክሮስፌድ (አንዱ እየቀነሰ ሌላው የሚገባበት)። በመጨረሻ ሙሉው ድምፅ ላይ ከ-1 ዴሲቤል እንዳያልፍ ሊሚተር። እልልታው እልልታ ሆኖ ይቀራል፣ የሽማግሌው ቃልም አንድ በአንድ ይሰማል። ለአንድ ምርቃት ሃያ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ይውሰድ።

ለዩቲዩብ ከሆነ አጠቃላይ ድምፁን -14 ላፍስ (የአጠቃላይ ድምፅ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ አድርጉ። ከዚያ በላይ ካስጮኻችሁት ዩቲዩብ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ በላፕቶፑ ስፒከር አትሥሩ። ጆሮን የሚሸፍን ተራ የገመድ ሄድፎን ይሻላል። ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገይ ከንፈር ማገጣጠም ላይ ያሳስታችኋል።

ቀለም

ሐይቁ ከከተማችን በስተምዕራብ ነው። አመሻሽ ላይ ሙሽሮቹን ሐይቁን ከኋላቸው አድርገን ስናቆማቸው ፀሐይዋም ከኋላቸው ናት። ውሃው ያበራል፣ ፊታቸው ይጨልማል፣ ሀበሻ ቀሚሱ ደግሞ ዳር ዳሩ ነድዶ ይወጣል። ሁሉን አንድ ላይ ብታበሩት ፊቱ ይመጣል፣ የጥለቱ ሥራ ግን ይጠፋል። የሙሽሪት እናት ደግሞ ያን ጥለት መርጠው ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

በቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ነጩን ነጭ አድርጉ፤ ቀሚሱ ወይም ጋቢው ይረዳችኋል። ቀጥሎ ዌቭፎርሙን (የምስሉን ብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) ክፈቱ። ዳቪንቺ ላይ ከ0 እስከ 1023 ይቆጥራል። ቀሚሱ የሚያርፍበትን ቦታ ከ900 በታች አውርዱ፤ ሲቀረጽ ያልተቃጠለ ከሆነ የሸማው መስመር ተመልሶ ይታያል። ሦስተኛ፣ ፊቱ ላይ ክብ ፓወር ዊንዶው (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ መምረጫ) ሥሩ፣ ጠርዙን በጣም አለስልሱ፣ ትራከሩ እንዲከተለው አድርጉ፣ ከዚያ የፊቱን ብርሃን ብቻ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ያበራችሁት ለተመልካች ከታወቀ አብዝታችኋል።

ለቆዳ ቀለም ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። ቬክተርስኮፕ (የምስሉን ቀለሞች የሚያሳይ ክብ ግራፍ) ላይ የቆዳ መስመር የሚባል አለ። ጠይምም ይሁን የቀይ ዳማ፣ ጤናማ ቆዳ ወደዚያው መስመር ይጠጋል። የሚለያየው ድምቀቱ ነው። ከመስመሩ ወደ አረንጓዴ ከሸሸ የአዳራሹ መብራት ገብቶበታል። ጠይሟን ሙሽራ ለማቅላት አትሞክሩ። በእኔ እምነት ይህ የሙያ ነውር ነው። እሷን እንደ እሷ አሳዩዋት።

ጽሑፍ

የሙሽሮቹን ስም በቃል አትቀበሉ፤ ራሳቸው ጽፈው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። «ሣህሉ» ወይስ «ሳህሉ»፣ «ፀሐይ» ወይስ «ጸሐይ»? ባለቤቱ የሚጽፈው ልክ ነው። ፎንቱ ዩኒኮድ (ማሽኖች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ሥርዓት) ይሁን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ነፃ ናቸው፤ ኒያላም የታወቀ ነው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ ርዕስ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ በሁለቱም ቋንቋ ርዕስ ስትሠሩ ውፍረታቸው የሚመጣጠን ሁለት ፎንት ምረጡ።

ኤክስፖርትና ማስረከብ

ሁለት ሰዓት የሚረዝመውን ሰርግ በአንድ ፋይል አታውጡ። ኤምፒ4 ፋይል በትክክል የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው። 95 ፐርሰንት ላይ ላፕቶፑ ቢጠፋ የወጣው ሁሉ አይከፈትም። ታይምላይኖቹን ለያይታችሁ ስለሠራችሁ አንድ በአንድ ወረፋ ላይ አስገቧቸው። የመልሱ ፋይል ላይ መብራት ቢሄድ የጠፋው የመልሱ ብቻ ነው።

ለቴሌቪዥን ኤች.264፣ 1080፣ 25 ፍሬም አድርጉ። ኤች.265 ፋይሉን ያሳንሳል፣ ግን የቆዩ ቴሌቪዥኖች አያነቡትም። በ8 ሜጋቢት የወጣ የ60 ደቂቃ ቪዲዮ 3.6 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ ቁጥር ይጠቅማችኋል፤ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን ፋይል አይቀበልም። ጥራቱን ወደ 16 ሜጋቢት ካሳደጋችሁ ፍላሹን ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ማድረግ አለባችሁ። ቴሌቪዥናቸው ማንበቡን አስቀድማችሁ በትንሽ ፋይል አስሞክሯቸው። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም ከሆነ፣ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ይጨምቀዋል። በነፃው አካውንት የአንድ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋባይት ነው።

ከማስረከባችሁ በፊት ሙሉውን አንዴ ተቀምጣችሁ እዩት፤ ከቻላችሁ በቴሌቪዥን። ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ይህን ሳደርግ ሁሌ አንድ ነገር አገኛለሁ፦ የተረሳ ጥቁር ፍሬም፣ የተደገመ ዳንስ፣ ሚዜዎቹ ፕሮቶኮል ረስተው ያወሩት ወሬ።

ደንበኛው አይቶ «ደርሶናል» ካለ በኋላ ፕሮክሲውንና ካሹን አጥፉ። ዋናውን ፉቴጅ፣ የፕሮጀክት ፋይሉን፣ የተጠቀማችሁበትን ፎንትና ሙዚቃ በአንድ ፎልደር ሁለት ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ዲስኩ ላይ ፕላስተር ለጥፉና የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን በማርከር ጻፉ። በየጥቂት ወሩ ሰክታችሁ መከፈቱን እዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ «የአባቴን ንግግር ብቻ ቆርጠህ ላክልኝ፣ አርፈዋል» የሚል ስልክ ሲመጣ በዚያው ምሽት መላክ የምትችሉት ያኔ ነው።